አባሪ አራት

ወንድሜ ከተቀበረ በሦስተኛው ሳምንት የመጨረሻ ጥናቱን ይዤ ወደ ዱራሜ ሄድኩ። ሄድኩ ስል ቀላል ይመስላል። ሆሳዕና መናኸሪያ ውስጥ ከሚኒባሱ ሁለት ጊዜ ወርጃለሁ። አንዴ ውሃ ልግዛ ብዬ፣ አንዴ ያለ ምንም ምክንያት። ረዳቱ ሰለቸውና «አንተ፣ ተሳፋሪ ነህ ወይስ ሸኚ?» አለኝ። ሰዎች ሳቁ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ ፋይሉን ጉልበቴ ላይ አደረግኩ፣ እስክንደርስ ድረስ እጄን ከላዩ አላነሳሁም።

ያን ሰሞን እንዲህ ነበርኩ። መቀመጥ አልችልም። ቤት ስሆን መውጣት፣ ስወጣ መመለስ ያሰኘኛል። ለቅሶ የሚመጡ ሰዎች «አይዞህ፣ ለእናትህ እንግዲህ የቀረሃት አንተ ነህ» ሲሉኝ ተነስቼ ጓሮ እሄዳለሁ። ጓሮ ምንም ሥራ የለኝም። በእንሰቱ መሀል ወዲያ ወዲህ እላለሁ።

ወንድሜ የውሃ ጥናት ባለሙያ ነበር። በኮንትራት ይሠራል። መሥሪያ ቤቱ አንድ ምንጭ ይሰጠዋል፤ እሱ ሄዶ ምንጩን ይለካል፣ የመንደሩን ሰው ይቆጥራል፣ ቧንቧ የሚያልፍበትን መሬት በእግሩ ይረግጣል፣ ከዚያ ሁሉንም በሰነድ አድርጎ ያስረክባል። የመጨረሻው ሥራው ከአንጋጫ ወደ ገጠር ገባ ብሎ የሚገኝ ምንጭ ነበር። ምንጩ ጎልብቶ በቧንቧ ሁለት መንደር እንዲያጠጣ ታስቦ ነው፤ አንዱ ከምንጩ አጠገብ ያለው የላይኛው መንደር፣ ሌላው ቁልቁል ያለው የታችኛው መንደር። ጥናቱን ለመጨረስ ጥቂት ሲቀረው ታመመ። ጥር ውስጥ ሆስፒታል ገባ፣ ከዚያ በእግሩ አልወጣም።

ሰነዱን የተየብኩት እኔ ነኝ። ሆሳዕና ውስጥ አንድ ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ እዚያ ገባሁ። ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ፣ የመምህራን ጥናት፣ የቀበሌ ሪፖርት እተይባለሁ። ስለዚህ አባሪ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ማለቴ፣ አውቃለሁ ብዬ አስብ ነበር። ደብዳቤው ሥር «አባሪ፦ 3 ገጽ» ብሎ ጽፎ ሦስት ገጽ በስቴፕለር መምታት ነው። ብዙ ሰው ሁለት ገጽ አምጥቶ ሦስት በልልኝ ይላል። ሦስተኛው እቤት ነው፣ በኋላ አመጣዋለሁ ይላል። አያመጣም። ይህን ለወንድሜ ስነግረው ይስቅ ነበር። ሰው ዋናውን ጽሑፍ ለአለቃው ይጽፋል፣ አባሪውን ግን ለማያውቀው ሰው ነው የሚተወው ይለኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ቧንቧው ሲደርቅ አንድ የማይተዋወቁት ሰው ፋይሉን ከፍቶ ለምን እንዲህ ተሠራ ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱ እዚያ መገኘት አለበት። እንዲያ ሲል እኔ ወረቀት እቆርጥ ነበር። ቀና ብዬ እንኳን አላየሁትም።

ዱራሜ፣ የመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ተቀበለችኝ። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ደብዳቤውን አየች። ወንድሜ ሥራው ሲያልቅ እንዲገባ ብሎ ሆስፒታል ሳይገባ በፊት የፈረመበት ነው፤ «አባሪ፦ 6፣ በድምሩ 31 ገጽ» ይላል። ጣቷን እርጥብ ስፖንጅ እያስነካች ትቆጥር ጀመር። ሠላሳ ላይ አለቀ። እንደገና ቆጠረች። ሠላሳ። ከዚያ አባሪዎቹን ለየብቻ ደረደረቻቸው። ካርታው አባሪ አንድ፣ የቤተሰብ ቁጥሩ አባሪ ሁለት፣ የክረምቱ የውሃ ልኬት አባሪ ሦስት። ቀጥሎ ያነሳችው አባሪ አምስት ነበር፤ ምንጩ ያለበትን መሬት የለቀቁት ሽማግሌ የፈረሙበት ቃለ ጉባኤ።

«አራት የታለ?» አለች።

ይኖራል አልኳት። ከእጄ የወደቀ ይመስል ጎንበስ ብዬ ወለሉ ላይ ፈለግኩ። እሷ ዋናውን ሰነድ ገልጣ አንድ ዓረፍተ ነገር በጣቷ አሳየችኝ። እኔው የተየብኩት ነው። «በበጋ የምንጩ ፍሰት በሰከንድ 1.2 ሊትር ሲሆን፣ ዝርዝር ልኬቱ በአባሪ 4 ቀርቧል» ይላል። አልቀረበም።

ባለሙያው ራሱ ይምጣ አለች። ሞቷል አልኳት። እንዲያ ደረቅ አድርጌ መናገሬ በኋላ አሳፍሮኛል። ብድግ አለች፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ አለች፣ ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገሩን አስረዳችኝ። የዓመቱ ጥናቶች የሚገመገሙት የካቲት ሲያልቅ ነው። ያልተሟላ ሰነድ ለግምገማ አይቀርብም። ያልቀረበው ለሌላ ባለሙያ ይሰጥና እንደ አዲስ ይጠናል።

እንደ አዲስ ይጠናል። ይህን ቃል ይዤ ወጣሁ። ሽፋኑ ላይ የሌላ ሰው ስም ይጻፋል ማለት ነው። ወንድሜ ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም። ከነሐሴ እስከ ታኅሣሥ በጭቃ የወጣበትና የወረደበት ሥራ፣ ስሙ የተጻፈበት የመጨረሻው ነገር፣ አንድ ገጽ ጎደለ ተብሎ መደርደሪያ ላይ ሊቀር ነው። የቀረኝ አሥራ ሁለት ቀን ነበር።

እናቴ የእሱን ክፍል ዘግታ ቁልፉን መቀነቷ ላይ ቋጥራው ነበር። ከፈተችልኝና በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ጀመር። ቦቲ ጫማው፣ ሜትሩ፣ ጃኬቱ። ጃኬቱን ሳነሳ በሀዲይኛ እንደነበረ መልሰው አለችኝ። መለስኩት። ማስታወሻ ደብተሩ ውስጥ የነሐሴ ልኬት አለ፤ ጀሪካኑ በስንት ሰከንድ እንደሞላ በሰንጠረዥ ጽፎታል። የበጋ የለም። የምሠራበት ሱቅ መሳቢያ ውስጥ ያለውን፣ በእጁ የጻፈውን ረቂቅም አገላበጥኩ። የምፈልገው ሰንጠረዥ ነበር፤ ሰንጠረዥ የለም። ሦስት ቀን ፈለግኩ። በሦስተኛው ቀን እናቴ ምን እንደጠፋ ጠየቀችኝ። አንድ ወረቀት አልኳት። አንድ ወረቀት ነው እንዲህ የሚያንከራትትህ አለችና ቁልፏን መልሳ ቋጠረች።

ያኔ ነው ያ ሐሳብ የገባብኝ። ገጹ አልጠፋም። መጀመሪያውኑ አልነበረም። ወንድሜ በበጋ አልለካም፤ በጥር ታሞ ተኝቷል፣ መቼ ይለካል? ሳይለካ ቁጥር ጻፈ፣ የሌለ አባሪ ጠቀሰ። ይህን ሳስብ የሱቁን ወንበር ትቼ ወጣሁ። እስከ ገበያው ሄጄ ተመለስኩ። እንደገና ሄድኩ። ለሞተ ሰው ማዘን አንድ ነገር ነው። የሞተውን ሰው መጠርጠር ግን የት እንደሚቀመጥ አላውቅም።

ወንድሜ አብሮት የተማረ አንድ ቀያሽ ጓደኛ ነበረው። ሱቃችን ኮፒ ሊያስደርግ ሲመጣ ነገርኩት። አልደነገጠም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ካልኩሌተር አምጣ አለኝ።

«አባሪ የሚቆጥር እንጂ የሚያነብ ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለ። «በሰከንድ 1.2 ከሆነ ሃያ ሊትሩ ጀሪካን በአሥራ ሰባት ሰከንድ ይሞላል። እንግዲህ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስድስት፣ አሥራ ስምንት ብለህ ጻፍ። ሦስቱንም አንድ ካደረግካቸው ይነቃብሃል፤ ውሃ እንደ ወታደር አይሰለፍም።»

በቀልዱ ሳቅኩ። ሰንጠረዡንም ሠራሁት። ወንድሜ የሚወደውን ዓይነት፣ ርዕሱ መሀል ላይ፣ መስመሩ ቀጭን። ልክ የእሱ ሥራ መሰለ። ያ ነው ያስፈራኝ። ሳላስቀምጠው ዘጋሁትና በማግሥቱ አሠሪዬን አስፈቅጄ ወደ አንጋጫ ሄድኩ። ራሴ እለካዋለሁ ብዬ ነው። አሥራ ሰባት ሰከንድ ከመጣ ወንድሜ አልዋሸም፤ ገምቶ አግኝቶታል ማለት ነው። ካልመጣ ግን ምን እንደማደርግ አላሰብኩም ነበር።

ከአንጋጫ ሞተር ያዝኩ። በመንገዱ ሁሉ ሰማዩን እያየሁ ነበር። የበልግ ዝናብ ከጣለ ምንጩ ይጨምራል፣ ልኬቱም የበጋ መባሉ ይቀራል። ከዳምቦያ በኩል ደመና ተቆልሏል። የሞተሩ ባለቤት ዛሬ አይጥልም አለኝ። ነገስ አልኩት። ነገን እሱ ያውቃል ብሎ በአገጩ ወደ ላይ አሳየኝ።

የላይኛው መንደር ስደርስ መሬቱን ለምንጩ የለቀቁት ሽማግሌ ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር። እኔ ከምባትኛ የምሰማው ጥቂት ነው፤ በአማርኛ ሰላም አልኳቸው። ፊቴን ትኩር ብለው አዩና የባለሙያው ወንድም መሆኔን ሳልነግራቸው አወቁ። እንመሳሰላለን። የት ጠፋ፣ በበጋ እመጣለሁ ብሎ ነበር እኮ አሉኝ። ነገርኳቸው።

በትራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው እጄን ያዙኝ። ከዚያ በኋላ የሆነውን መከልከል አልቻልኩም። ሰው ተጠራ። አግዳሚ ወንበር ወጣ። ሴቶች ነጠላቸውን እያጣፉ መጡ፣ አለቀሱ፣ ደጁ ሞላ። ቀብር ሳይደርሱ ቀርተዋልና አሁን መድረስ አለባቸው። ንፍሮ ተቀቀለ። መዝሙር ተዘመረ፣ ጸሎት ተደረገ፣ ስለ ወንድሜ ተነገረ። ጭቃ ላይ እንደወደቀና የወደቀበትን ቦታ እንኳን በሜትር እንደለካ አንዱ ሲናገር ሰዉ እያለቀሰ ሳቀ። እኔ ቦርሳዬን ታቅፌ ሰማዩን አያለሁ። አንድ ጊዜ ተነስቼ ምንጩን ብቻ አይቼ ልምጣ አልኩ።

«ውሃው የት ይሄዳል?» አሉ ሽማግሌው። «ቁጭ በል።»

ቁጭ አልኩ። ቀኑ በዚሁ አለቀ። በማግሥቱ ጠዋት በቃ እለካለሁ ስል ደግሞ የታችኛው መንደር ሰምቷል ተባለ። እዚያ ሳልደርስ ሥራ ብጀምር ቂም ይሆናል፤ የውሃ ኮሚቴው ሊቀመንበር እዚያ ናቸው፣ ያለ እሳቸው ደግሞ ምንጩን የሚነካ የለም። ወረድኩ። እንደገና አግዳሚ ወንበር፣ እንደገና ንፍሮ። ሊቀመንበሯ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። አላለቀሱም። አጠገቤ ተቀምጠው ጀርባዬን እንደ ሕፃን መታ መታ አደረጉኝ። በሰው መሀል ያን ያህል ጊዜ ተቀምጬ አላውቅም። ከቀብሩ ወዲህ ማለቴ ነው። ከሰዓት በኋላ ላይ እኔም አለቀስኩ። እስከዚያ ቀን አላለቀስኩም ነበር። ይህን አሁን ስጽፍ ነው ያስተዋልኩት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ምንጩ ጋ ወጣን። ዝናብ አልጣለም። ሽማግሌው፣ ሊቀመንበሯ፣ ጀሪካን የያዙ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ። የውሃውን መውጫ በጭቃ ገድበን በአንድ ቁራጭ ቧንቧ አስተላለፍነው። ጀሪካን ሁሉ ሃያ ሊትር እንደማይይዝ ከወንድሜ ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ በአንድ ሊትር ጠርሙስ ሃያ ጊዜ እየሞላሁ ገለበጥኩበትና የደረሰበት ላይ በከሰል ምልክት አደረግኩ። ሊቀመንበሯ እንደዚህ በመለካት የመጀመሪያው አንተ አይደለህም ብለው አሾፉብኝ፤ ወንድሜም እንዲሁ ሲገለብጥ ዋለ፣ ውሃ ሊሸጥ ነው እንዴ ብለነው ነበር አሉ። ጀሪካኑን እሳቸው ራሳቸው ያዙት። እኔ የስልኬን ሰዓት አስነሳሁ።

ሃያ ስድስት ሰከንድ።

ጭቃው ያፈሳል እንዴ ብዬ ደግሜ ደፈንኩት። ሃያ አምስት። እንደገና። ሃያ ሰባት። አሥር ጊዜ ለካሁ። እጄ ቀዘቀዘ። አንዱም ከሃያ አምስት አልወረደም። በሰከንድ አንድ ሊትር እንኳን አይሞላም፤ ቢበዛ ዜሮ ነጥብ ስምንት ነው።

ይበቃል ወይ ብለው ጠየቁኝ ሊቀመንበሯ። እቤት ሄጄ አሰላዋለሁ አልኳቸው። የሰነዱን ስሌት ብዙ ጊዜ ስለተየብኩት ሳላሰላም ገብቶኝ ነበር። 1.2 ለሁለቱ መንደር ልክክ ብሎ የሚበቃ ነበር። ይህ ለላይኛው ብቻ ነው። የሳቸው ቤት ታች ነው።

ጀሪካኑን ዘቅዝቀው አጠቡና አንድ ነገር ነገሩኝ። ታኅሣሥ ላይ ወንድሜን ውሃው ለኛ ይደርሳል ወይ ብለው ጨቅጭቀውት ነበር። በጋውን ሳላይ አልናገርም አላቸው። ሰው እንዴት እንደዚህ ይደርቃል ብለው ተቀይመውት ነበር።

በጋውን ሳላይ አልናገርም ያለ ሰው እንዴት ሳያይ ይጽፋል? ከአንጋጫ እስከ ሆሳዕና ይህንኑ ሳመላልስ መጣሁ። እቤት ሳልገባ ቀጥታ ሱቅ ሄጄ መሳቢያውን ከፈትኩ። ረቂቁን አወጣሁ። በፊት ሰንጠረዥ ስፈልግ ያለፍኩትን ገጽ አሁን ቃል በቃል አነበብኩ። ሁሉም በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። «በሰከንድ» የሚለው በእስክሪብቶ ነው። 1.2 ግን በእርሳስ ነው። ቀጥሎ ያለው «አባሪ 4»ም በእርሳስ ነው።

የወንድሜ አሠራር ነበር። ያረጋገጠውን በእስክሪብቶ፣ ገና የሚያረጋግጠውን በእርሳስ ይጽፋል። ቦታውን ይይዝለታል፣ ስሌቱ እንዳይቆም ግምት ያስቀምጣል፣ ለክቶ ሲመለስ አጥፍቶ በእስክሪብቶ ይጽፍበታል። አዲስ ነገር አልነበረም። ከዚያ በፊት ሁለት ጥናት ተይቤለታለሁ፣ በእርሳስ ያለውን ክፍት እየተውኩ። ይህን የተየብኩት እሱ ሆስፒታል እያለ ነው። መብራት መጥቶ ሳይሄድ ልጨርስ፣ ከዚያ ምሳ ላድርስለት እያልኩ ነው። ሁሉንም ጥቁር አደረግኩት። አልጋው ላይ ሆኖ ጨረስክ ወይ ሲለኝ ጨርሻለሁ አልኩት። ጎበዝ አለኝ።

ረቂቁን ይዤ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ደንበኛ መጥቶ ኮፒ ትሠራለህ ወይ አለኝ። አይ አልኩት። ወንድሜ አልዋሸም። እኔ ነኝ ያስዋሸሁት። ደስ ሊለኝ ነበር፤ አንድ ሰዓት ያህልም ደስ ብሎኛል። ከዚያ የታችኛው መንደር ትዝ አለኝ።

1.2ን ከዋናው ሰነድ ማስተካከል አልቻልኩም። የቧንቧው ስፋት፣ የማጠራቀሚያው መጠን፣ የቦኖዎቹ ብዛት፣ ሁሉም ከሷ ነው የወጣው። እሱን እኔ አላውቅም። ስለዚህ ዋናውን ሳልነካ እውነተኛውን አባሪ አራት ሠራሁ። አሥሩን ልኬት በሰንጠረዥ አደረግኩ። ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ በዋናው ሰነድ የተጠቀሰው 1.2 በረቂቁ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ግምት ነበር፤ ባለሙያው እንዲረጋገጥ ያቆየውን ሳልለይ የተየብኩት እኔ ነኝ። ሦስት ጊዜ ጻፍኩት። አንዴ ምክንያቴን ጨምሬ፣ አንዴ ይቅርታ ጨምሬ። ሁለቱንም አወጣኋቸው። አባሪ ነው።

ዱራሜ ስመለስ ሦስት ቀን ቀርቶ ነበር። የመዝገብ ቤቷ ሴት ቆጠረች። ሠላሳ አንድ። አባሪ አራትን አየች፣ ቁጥሩን ማለቴ ነው፣ ርዕሱ ላይ ያለውን አራት። ፈገግ አለች። ማህተም መታች። «ተሟልቷል» አለችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። ከዚህ በላይ የሚጠበቅብኝ አልነበረም። እውነቱን አስገብቻለሁ፤ የሚያነብ ካለ ያነበዋል። የቀያሹ ነገር ግን በጆሮዬ መጣ። ይቆጥሩታል እንጂ አያነቡትም። ካልተነበበ ጥናቱ ያልፋል፣ ቧንቧው እስከ ታች ይቀበራል፣ በጋ ሲመጣ የታችኛው ቦኖ ንፋስ ይተፋል። ሽፋኑ ላይ ያለው ስም ደግሞ የወንድሜ ነው። ኮሪደሩን ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩ አላውቅም። ዘበኛው ማንን ፈልገህ ነው አለኝ። ጥናት የሚገመግሙትን ኢንጂነር አልኩ። ሳላስበው ነው የወጣኝ።

ኢንጂነሩ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አዳመጡኝ። ብዙ ተንተባተብኩ። ከመጨረሻው ጀመርኩ፣ ወደ መጀመሪያው ተመለስኩ። በእጃቸው ዝም አሰኝተውኝ መነጽሩን አወረዱና ሁለቱን ገጽ ጎን ለጎን ዘርግተው አነበቡ። ረቂቁንም አሳየኋቸው። እርሳሱን በጥፍራቸው ነካ አደረጉት።

«ዋናው ሰነድ ሌላ ይላል፣ አባሪው ሌላ ይላል» አሉ። «የትኛው ይጽና?»

«አባሪው።»

«ለታችኛው መንደር ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሃል?»

ገብቶኛል አልኩ። ቀይ እስክሪብቶ አንስተው 1.2ን ሰረዙት። አንድ መስመር ብቻ። እኔ የተየብኩት ነው የተሰረዘው፣ እሱ የጻፈው አይደለም ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ሆኖም ዓይኔን አዞርኩ። ስሌቱን የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያዎች ያስተካክሉታል፣ ጥናቱ በወንድምህ ስም ለግምገማ ይቀርባል አሉኝ። የታችኛው መንደር ከዚህ ሥራ ይወጣና ሌላ ምንጭ እስኪጠና ይጠብቃል። መቼ እንደሚጠና አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ነገር ግን ቀርቷል አሉ። አንተ ባለሙያ አይደለህም፤ ያንተ ልኬት ብቻውን አይያዝም፣ ሲለካ የነበረው የውሃ ኮሚቴ ሊቀመንበር አባሪው ላይ ይፈርም። ማንበብ የማይችል ከሆነ ደግሞ አንብብለት። ሳያውቅ አታስፈርም።

በማግሥቱ ተመልሼ አንጋጫ ነበርኩ። ሞተሩን ከላይኛው መንደር በታች አስቆምኩትና በእግሬ ወረድኩ። ወረቀቱን ፕላስቲክ ውስጥ አድርጌዋለሁ። መንገድ ላይ ብዙ ንግግር አዘጋጀሁ። ሊቀመንበሯ ጓሯቸው ቆጮ የሚጠቀለልበት ቅጠል ሲቆርጡ አገኘኋቸው። በዚህ ፍጥነት የተመለስከው በጎ ነገር ይዘህ አይደለም አሉኝ። በጎ ነገር የያዘ ሰው በስልክ ነው የሚናገረው።

ማንበብ ይችላሉ። ወረቀቱን ተቀብለው ቆመው አነበቡት፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ፣ ከርዕሱ እስከ መጨረሻው። እኔ የጻፍኩት ጥፋቴ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩኝና ቀጠሉ። ከዚያ እኛ ወጣን ማለት ነው አሉ። አዎ አልኳቸው። ከምን የተነሳ እንደሆነ፣ ኢንጂነሩ ስለ ሌላ ምንጭ ምን እንዳሉ መናገር ጀመርኩ። አልሰሙኝም መሰለኝ። የሚያዩት ሰንጠረዡን ነው።

«ሃያ አምስት፣ ሃያ ስድስት፣ ሃያ ሰባት» አሉ። «ጀሪካኑን የያዝኩት እኔ ነኝ። አይደለም ልበል?»

ባልፈርም ምን ይሆናል ብለው ጠየቁኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ሰነዱ ሳይቀርብ ይቀራል፣ ሌላ ባለሙያ ይመጣል፣ እንደ አዲስ ይለካል። የወንድሜም ስም ይወጣል። ይህን የመጨረሻውን ልተወው ነበር፤ ልመና እንዳይመስል ፈራሁ። አልተውኩትም።

ቅጠል የቆረጡበትን እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። እስክሪብቶ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን የበሩ መቃን ላይ አስደግፈው ስማቸውን በቀስታ ጻፉ፣ ፈረሙ፣ ቀኑንም ራሳቸው ጨመሩ። መልሰው ሲሰጡኝ ግን አልለቀቁትም። አንዱን ጫፍ እኔ ይዣለሁ፣ ሌላውን እሳቸው።

«እኔ ፈርሜያለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ለመንደሩ የምነግረው ግን እኔ አይደለሁም። የለካኸው አንተ ነህ፣ ትነግራቸዋለህ። ዛሬ ጉባኤ ነው፣ ሁሉም ከዛፉ ሥር ናቸው።»

ወረቀቱን ለቀቁት። ፕላስቲኩ ውስጥ መለስኩት። የተሳፈርኩበት ሞተር ከላይ መንገዱ ዳር ይጠብቀኛል፤ ከሄድኩ ሳይመሽ ዱራሜ እደርሳለሁ። እግሬ ወደዚያ ሊያዘነብል ፈልጎ ነበር። እሳቸው ቀድመውኝ ሄዱ፣ እኔም ተከተልኩ። ከቀናት በፊት አብረውኝ ያለቀሱት ሰዎች ሲያዩኝ ብድግ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ሰላምታው እስኪያልቅ ጠበቅኩ። ከወንድሜ ልጀምር ወይስ ከእርሳሱ ልጀምር አላውቅም ነበር። ቆሜ፣ ከቁጥሩ ጀመርኩ።